የድሬዳዋን የሞባይል ሲግናል በስልካችሁ መለካት፦ ከላብ ጠረጴዛ እስከ መጋላ ጎዳና

ይህ መመሪያ ገመድ አልባ ግንኙነት ላይ ጥናት መጀመር ለሚፈልጉ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪዎች ነው። የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ፣ ማስተርስ የጀመራችሁ፣ ላብ ውስጥ ተማሪ የምታሠሩ ሁሉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የምንሠራው ሥራ አንድ ነው። የአንድ ታወር የ4ጂ ሲግናል ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ከታወሩ ስንርቅ በምን ያህል ይዳከማል? መጋላ ውስጥስ?

ብዙ ተማሪ «ስፔክትረም አናላይዘር (የሲግናልን ኃይል በየፍሪኩዌንሲው የሚለካው ውድ መሣሪያ) ስለሌለ ሲሙሌሽን ልሥራ» ብሎ ይወስናል። ሲሙሌሽን መጥፎ አይደለም። ግን ሲሙሌሽኑ ውስጥ የምናስገባው የሲግናል መዳከም ሞዴል ከየት መጣ? ስሙ የታወቀው የኦኩሙራ ልኬት ቶኪዮና አካባቢዋ ላይ ተሠርቶ በ1968 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ሃታ የተባለ ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ያንን ወደ ቀመር ለወጠው። ቶኪዮ ሌላ ከተማ ናት፤ መጋላ ሌላ ሰፈር ነው። የራሳችንን ከተማ ራሳችን ብንለካው ሲሙሌሽኑም የሚቆምበት መሬት ያገኛል። ለዚህ ደግሞ አንድ አንድሮይድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና ብዙ ትዕግሥት ይበቃል።

ድሬዳዋ ለምን ትመቻለች?

ከተማዋ ሁለት መልክ አላት። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ ከዚራ በፕላን ተሠራ። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ዛፍ አላቸው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ መንገዱ ይጠባል፣ ይታጠፋል፣ ግንቡ ይቀራረባል። ሁለቱ ሰፈሮች በእግር ይደረሳሉ። አየሩ አንድ ነው፤ ከፍታቸውም ብዙ አይለያይም። ስለዚህ ሲግናሉ ላይ የምታዩት ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከጎዳናውና ከግንቡ ነው። እንዲህ ዓይነት ንጽጽር በየከተማው አይገኝም።

ሌላም አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። ከዚያ በኋላ በአንድ ጎዳና ላይ የሁለት ኦፕሬተሮች ሲግናል ማጥናት ይቻላል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። «ማን ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ ወሬ ያመጣል እንጂ በአንድ ስልክ ልኬት አይመለስም። ለመጀመሪያው ሥራ አንድ ኦፕሬተር ምረጡና አንዱን በደንብ ጨርሱ።

ሐረር ያላችሁ ደግሞ ጀጎልን አስቡት። በግንብ የታጠረ፣ በጠባብ መተላለፊያዎች የተሞላ ሰፈር ነው፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ። ዘዴው አይለወጥም። ከዚራ የምለውን ከግንቡ ውጭ ባለው ሰፊ መንገድ፣ መጋላ የምለውን በጀጎል ውስጥ ተኩት።

ደብዳቤውና ሕጉ

ከስልኩ በፊት ደብዳቤ። ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ስማችሁ፣ የሥራው ዓላማ፣ የምትሄዱባቸው ሰፈሮችና ቀኖቹ ይግለጹበት። ስልክ በዘንግ ላይ አስሮ አንድን ጎዳና ደጋግሞ የሚመላለስ ሰው ጥያቄ ያስነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ቀበሌው ቀድሞ ካወቀ ሥራችሁ በሰላም ያልቃል። ኤርፖርት፣ ካምፕና ጥበቃ ያለበት ግቢ አካባቢ አትለኩ። ታወር ላይ አትውጡ፣ አጥሩንም አትጠጉ።

ሕጉ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። ስልኩ ታወሩ ለሁሉም የሚያሰራጨውን መረጃ አንብቦ ቢመዘግብ ችግር የለውም። በራሳችሁ መሣሪያ ሲግናል መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፤ መነሻውም አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ላብ ውስጥ ማስተላለፊያ መሞከር ካስፈለጋችሁ ማስተላለፊያውንና መቀበያውን በኬብል አገናኙ፤ መሃል ላይ ሲግናሉን የሚያዳክም አቴኑኤተር አስገቡበት። ከ30 ዲቢ (ዴሲቤል) አይነስ። አንቴና ሰክቶ «ትንሽ ብቻ ልልቀቅ» የሚባል ነገር የለም። በሞባይል ባንድ ላይ የምትለቁት ትንሽ ሲግናል የሰፈሩን ሰው ጥሪ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ያ ጥሪ የአምቡላንስ ጥሪ ሊሆን ይችላል።

የሌላ ሰው ንግግር፣ መልእክት ወይም ቁጥር ለማንበብ መሞከር ደግሞ በጭራሽ አይነካም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድሮይድ ስልክ፣ የኦፕሬተሩ ሲም፣ ፓወር ባንክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሜትር፣ ስልኩን የሚያስሩበት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ። ብረት አይሁን። ሴልፊ ስቲክ ካላችሁ ብረቱ ከስልኩ ጀርባ እንዳይጋርድ እዩ።

አፕሊኬሽን ላይ ጂ-ኔትትራክ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ኔትወርክ ሴል ኢንፎም ይሆናል። ዋናው መስፈርት አንድ ነው፦ የሚያሳየውን ቁጥር ከቦታና ከሰዓት ጋር ፋይል ላይ የሚያስቀምጥ ይሁን። ስክሪን ላይ የሚያምር ቀስት ማየት ብቻውን ጥናት አይሆንም። ፋይል የማስቀመጥ ሥራው በክፍያ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ከጓደኛ ጋር ተዋጡ።

ምንም ሳታወርዱ ለማየት ያህል ብቻ ከፈለጋችሁ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#* ስትደውሉ የኔትወርክ መረጃ የያዘ ገጽ ይከፈታል። አይፎን ላይ *3001#12345#* ነው፤ ግን አይፎን መረጃውን ለሌላ አፕሊኬሽን በቀላሉ ስለማይሰጥ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ቁጥሮቹን ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቁጥሮቹን ሳይረዱ የተሰበሰበ ፋይል በኋላ ያስለቅሳል።

አርኤስአርፒ የሚባለው ዋናው ቁጥራችን ነው። ታወሩ በየጊዜው ሁልጊዜ የሚያሰራጨው መለያ ሲግናል አለ። አርኤስአርፒ የዚያን ሲግናል ኃይል በአንድ ሰብካሪየር፣ ማለትም በ15 ኪሎኸርዝ ስፋት ውስጥ፣ ይነግረናል። መለኪያው ዲቢኤም ነው፤ ከአንድ ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የተገለጸ ኃይል ማለት ነው። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ የ4ጂ ደረጃው የሚመዘግበው ከ-44 እስከ -140 ያለውን ነው። -80 ጠንካራ ነው። ከ-110 በታች ስትወርዱ ስልኩ መቸገር ይጀምራል።

አርኤስኤስአይ ሌላ ነው። እሱ በባንዱ ስፋት ሁሉ ያለውን ጠቅላላ ኃይል ይደምራል፤ የጎረቤት ታወርንና ጩኸትን ጭምር። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው 4ጂ 1,200 ሰብካሪየር አለው። የ1,200 ሎግ በ10 ሲባዛ 31 ዲቢ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች በ30 ዲቢ አካባቢ ሊራራቁ ይችላሉ። አንዱ ተማሪ አርኤስኤስአይ፣ ሌላው አርኤስአርፒ ቢመዘግብና ፋይሉ ቢቀላቀል ሥራው ከነጭራሹ ይበላሻል። በፋይሉ አናት ላይ የትኛው አምድ ምን እንደሆነ ጻፉ።

አርኤስአርኪውና ኤስአይኤንአር ስለ ጥራት ይናገራሉ። ታይዋን ገበያ መሃል ሆኖ የሚያናግራችሁ ሰው ድምፁ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል፤ በዙሪያው ያለው ጫጫታ ግን ቃሉን ያጠፋዋል። አርኤስአርፒ ድምፁ ምን ያህል እንደጎላ ይነግራል፤ ኤስአይኤንአር ቃሉ መለየት አለመለየቱን። የኛ ጥያቄ ስለ መዳከም ስለሆነ የምንይዘው አርኤስአርፒን ነው። ይህ ምርጫ አንድ ጥቅም አለው። ሰው ሲበዛና ኔትወርኩ ሲጨናነቅ አርኤስአርኪውና የዳውንሎድ ፍጥነት ይወርዳሉ፤ አርኤስአርፒ ግን ብዙም አይነካም። ጠዋት የለካችሁትን ከሰዓት በኋላ ከለካችሁት ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ።

ሌሎቹ ሦስት ቁጥሮች የመታወቂያ ቁጥሮች ናቸው። ፒሲአይ ሴሉን፣ ማለትም አንድ አንቴና በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሸፍነውን አካባቢ፣ በአካባቢው ካሉት ይለያል። ኢአርኤፍሲኤን ፍሪኩዌንሲውን ይነግራል። ሴል አይዲው ደግሞ ታወሩንና ሴክተሩን (ታወሩ በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነውን ክፍል) አንድ ላይ የያዘ ረጅም ቁጥር ነው።

ኢአርኤፍሲኤንን ወደ ሜጋኸርዝ መለወጥ ቀላል ነው። ከ1200 እስከ 1949 ከሆነ ባንድ 3 ነው፤ 1800 ሜጋኸርዝ የምንለው። ከቁጥሩ 1200 ቀንሱ፣ በ0.1 አባዙ፣ 1805 ደምሩ። ለምሳሌ 1300 ማለት 1815 ሜጋኸርዝ ነው። ከ3450 እስከ 3799 ከሆነ ባንድ 8 ነው፤ 900 ሜጋኸርዝ። ይህን ሳያዩ መለካት አይቻልም። ክፍት ቦታ ላይ፣ ርቀቱ አንድ ሆኖ፣ በ900 እና በ1800 መካከል ብቻ 6 ዲቢ ልዩነት አለ። ስልኩ መሃል መንገድ ላይ ባንድ ከቀየረ ግንብ የጋረደው ሊመስላችሁ ይችላል።

ሴል አይዲውን በ256 አካፍሉት። ሙሉ ቁጥሩ የታወሩ መለያ ነው፤ ቀሪው የሴክተሩ። ለምሳሌ 25601 ቢሆን ታወር 100፣ ሴክተር 1 ነው።

መጀመሪያ ላብ ውስጥ

ጎዳና ከመውጣታችሁ በፊት ስልኩን ፈትኑት። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለኔ ግን የጥናቱ ግማሽ እዚህ ነው።

ስልኩን የሲግናል ቁጥሩ ብዙ በማይዋዥቅበት መስኮት አጠገብ፣ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ሳትነኩት አሥር ደቂቃ ይመዝግብ። ፋይሉን ከፍታችሁ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ እዩ። ያ መወዛወዝ ማንም ሳይንቀሳቀስ የሚኖር ስለሆነ፣ ከሱ ያነሰ ልዩነት ጎዳና ላይ ብታዩ ግኝት ነው አትበሉ።

ከዚያ ስልኩን በእጃችሁ ያዙት። ወደ ጆሯችሁ አስጠጉት። ኪስ ውስጥ ክተቱት። ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ። የሰው ገላ ሲግናል ይውጣል፤ እጅ አንቴናው ላይ ሲያርፍ ይብሳል። ለዚህ ነው ዘንጉ ያስፈለገው። ስልኩ ከአናታችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ያለ ብረት ሽፋን ይታሰር። ቁመቱን ለኩና ጻፉት። ነገ ሌላ ሰው ዘንጉን ቢይዝ ያው ቁመት ላይ ይሁን።

ሌላ ስልክ ካለ ጎን ለጎን አስቀምጡና አንድ ሴል ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች ብዙ ዲቢ ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ ስህተት አይደለም፤ አንቴናቸው ይለያያል። ልዩነቱን መዝግቡ፤ ጥናቱን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ስልክ ጨርሱ።

አሁን ቅንብሩን አስተካክሉ። ስልኩን 4ጂ ብቻ ላይ አድርጉት። ዋይፋይ ይጥፋ። ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ፤ እሱ ካለ አፕሊኬሽኑን ያስተኛዋል። ስክሪኑ አይጥፋ። ስልኩ ሥራ ፈት ከሆነ ቁጥሩን የሚያድሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ ቀለል ያለ ዳታ ሁልጊዜ ይመላለስ። ፒንግ የሚያደርግ አፕሊኬሽን ይበቃል።

ስለ ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ። ስልኩ ፋይሉ ላይ የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጅ ቀን ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ «2፡15 መጋላ መግቢያ» ብላችሁ ብትጽፉ ፋይሉ 08፡15 ይላል። በኋላ ማስታወሻና ፋይል ሲገጣጠም ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙ ሰው ያደናግራል። ቡድኑ ከመጀመሪያው አንዱን ይምረጥ። እኔ ደብተሩም እንደ ስልኩ ይጻፍ እላለሁ።

ታወሩን መምረጥ

አፕሊኬሽኑ ሴል አይዲ ይሰጣችኋል እንጂ ታወሩ የት እንደቆመ አይነግራችሁም። ኢንተርኔት ላይ የታወር ካርታዎች አሉ። ብዙዎቹ ግን ከተጠቃሚ ስልክ በግምት የተሰበሰቡ ስለሆኑ ቦታው በመቶዎች ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ርቀት ለምንለካ ሰዎች ይህ አይሆንም።

በዓይን የምታዩትን ታወር ምረጡ። መንገዱን ሳትለቁ ዙሪያውን ተራመዱ። የታወሩ ቁጥር ሳይለወጥ የሴክተሩ ቁጥር ሲቀያየር ካያችሁ የሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ሴክተር አለ፤ እያንዳንዱ የክቡን ሲሶ ያህል ይሸፍናል። የትኛው ሴክተር ወደ የትኛው ጎዳና እንደሚያይ በካርታ ላይ ሳሉ። የታወሩን ቦታ ራሳችሁ በጂፒኤስ አትያዙ፤ አጥሩ ስር መሄድ ይጠይቃል። በሳተላይት ምስል ላይ ፈልጋችሁ ነጥቡን ውሰዱ።

ተመራጩ ደቻቱ ዳር ያለ፣ አንዱ ሴክተሩ ወደ ከዚራ ሌላው ወደ መጋላ የሚያይ ታወር ነው። እንዲህ ያለ ካላገኛችሁ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ምረጡ። ባንዱ ግን አንድ ይሁን። አንዱ ጣሪያ ላይ ሌላው ረጅም ብረት ላይ ከሆነም ንጽጽሩ ይበላሻል፤ ቁመታቸው የተቀራረበ ይሁን።

ከታወሩ 100 ሜትር ሳትርቁ አትጀምሩ። እግሩ ስር አንቴናው በላያችሁ ላይ አልፎ ነው የሚያየው። ቀርቦ የደከመ ሲግናል ብታገኙ እውነት ነው፤ ለኛ መስመር ግን አይሆንም።

መራመድ

ድሬ ሙቀቷ ቀልድ አይደለም። በፀሐይ የሞቀ ስልክ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ሥራውን ያዘገያል፣ አንዳንዴም ቻርጅ መቀበል ያቆማል። ሰውም ይደክማል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ እስከ 3 ሰዓት ጨርሱ። ጎዳናውም ያን ጊዜ ጭር ይላል። ቀትር ላይ ከተማው ራሱ ጥላ ፈልጎ ነው የሚቀመጠው፤ እናንተም ተቀመጡ።

በእግር ይሁን። በመኪና ብትሄዱ የመኪናው ብረት ሲግናሉን ይጋርዳል፤ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋም ቁጥሩ ይለወጣል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ይሻላል፤ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ልለካ ካላችሁ ባጃጅ ኮንትራት ያዙ። መጋላ ውስጥ ግን እግር ብቻ ነው።

አካሄዱ ይህ ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ቀስ ብላችሁ፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል፣ ከታወሩ እየራቃችሁ ሂዱ። ጫፍ ስትደርሱ በዚያው ጎዳና ተመለሱ። ስትመለሱ ገላችሁ በስልኩና በታወሩ መካከል እንዳይሆን ዘንጉን ወደ ሌላ እጅ አዙሩ። እንደገና ድገሙት። አራት ጊዜ ያለፋችሁበት ጎዳና ጥሩ ነው።

መደጋገሙ ያለምክንያት አይደለም። የሞባይል ሲግናል ከግንብ፣ ከመኪና፣ ከቆርቆሮ እየተንጸባረቀ ነው የሚደርሰን። ነጸብራቆቹ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣፋሉ። በ1800 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ በግማሽ እርምጃ ውስጥ ቁጥሩ ሊገለበጥ ይችላል። ይህን ፈጣን መወዛወዝ ለማጥፋት ሊ የተባለው የዘርፉ ሊቅ ያስቀመጠው የታወቀ መመዘኛ አለ፦ በ40 የሞገድ ርዝመት ውስጥ ከ36 እስከ 50 ንባብ ወስዶ አማካይ መያዝ። 40 የሞገድ ርዝመት ለኛ 7 ሜትር ያህል ነው። ስልክ ግን ብዙ ጊዜ በሰከንድ አንድ ንባብ ነው የሚሰጠው። በ7 ሜትር ውስጥ ሰባት ብቻ ልታገኙ ነው። ስለዚህ ጎዳናውን በ20 ሜትር እንከፍለዋለን። አራት ጊዜ ስናልፍ ለያንዳንዱ 20 ሜትር 80 ንባብ ያህል ይኖረናል። ከመመዘኛው ጋር ልክ ባይገጥምም ለስልክ ልኬት ያስኬዳል። ሪፖርታችሁ ላይ ግን እንዲህ ማድረጋችሁን በግልጽ ጻፉት።

አንዱ ዘንጉን ይያዝ፣ ሌላው ደብተሩን። ደብተር የያዘው ሰው ሥራ ቀላል አይደለም። «እዚህ ትልቅ ዛፍ»፣ «ኤፍኤስአር መኪና ቆሞ ነበር»፣ «የቆርቆሮ አጥር ተጀመረ»፣ «ታወሩ ከዓይን ጠፋ» እያለ ከሰዓቱ ጋር ይጽፋል። ከዚራ ላይ ከዛፎቹ ሥር ስታልፉ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ምክንያቱን የምታገኙት ከዚያ ደብተር ነው።

መጋላ ውስጥ ጂፒኤስ ይሳሳታል። ግንቡ ሰማዩን ስለሚያጠበው ነጥቡ ከመንገዱ ወጥቶ ቤት ውስጥ ይገባል። አፕሊኬሽኑ የጂፒኤሱን ትክክለኛነት በሜትር ይመዘግባል። ከ20 ሜትር በላይ ስህተት ያለበትን መስመር ጣሉት። በየመስቀለኛው ስትደርሱ ደግሞ ቆም ብላችሁ ሰዓቱን ጻፉ፤ በኋላ ቦታውን በካርታ ላይ በእጅ ታስተካክላላችሁ። ሰዎች ሲጠይቋችሁ ደብዳቤውን አሳዩ፣ የምትሠሩትን ንገሩ። የመጋላ ሰው ኔትወርክ የቱ ጋ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ የሚነግራችሁን ጻፉት።

ደቻቱን በሚመለከት። ደረቅ ሲሆን አሸዋው ክፍት ኮሪደር ስለሆነ ታወሩ በግልጽ ይታያል። ለንጽጽር ግሩም ቦታ ነው። በዝናብ ወቅት ግን አትውረዱበት። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዳር ላይ ሆናችሁ ለኩ፤ ይበቃል።

ፋይሉን ማጽዳት

ፋይሉን በኤክሴል ክፈቱ። ዋናውን ግልባጭ ሳትነኩ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ የመረጣችሁት ሴል ያልሆነውን መስመር ሁሉ አውጡ። ፒሲአይ ብቻ አትዩ፤ 504 ብቻ ስለሆነ ከተማ ውስጥ ሊደገም ይችላል። ሴል አይዲና ኢአርኤፍሲኤንም ይግጠሙ።

እዚህ የምትጠነቀቁለት ነገር አለ። ስልኩ ከሴላችሁ የሚለቀው ሲግናሉ ሲደክም ነው። ስለዚህ ሩቅ ቦታ ላይ የቀሩላችሁ ንባቦች ጠንካራዎቹ ብቻ ይሆናሉ፤ መዳከሙም ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ንባቡ መቆራረጥ ከጀመረበት ርቀት በኋላ ያለውን ሁሉ ተዉት።

አማካይ ስትወስዱ ዲቢኤሙን በቀጥታ አትደምሩ። ዲቢኤም ሎግ ነው። -80 እና -100 በቀጥታ ቢካፈሉ -90 ይመጣል። ወደ ሚሊዋት ለውጣችሁ አማካይ ወስዳችሁ ብትመልሱት ግን -83 ነው። የሰባት ዲቢ ልዩነት! ቁጥሩን ለ10 አካፍሉ፣ 10ን በዚያ ኃይል አንሱ፣ የ20 ሜትሩን አማካይ ውሰዱ፣ ሎጉን በ10 አባዝታችሁ ተመለሱ።

የመዳከሙን መጠን ማውጣት

አሁን ለያንዳንዱ 20 ሜትር ሁለት ቁጥር አላችሁ፦ ከታወሩ ያለው ርቀትና አማካይ አርኤስአርፒ። የርቀቱን ሎግ በ10 መነሻ አውጡ። በአግድም የርቀቱን ሎግ፣ በቁም አርኤስአርፒን አድርጋችሁ ነጥቦቹን ሳሉ። ቀጥ ያለ መስመር አስገቡበት፤ ኤክሴል ቁልቁለቱን ራሱ ያወጣላችኋል። ኔጌቲቩን ትታችሁ ለ10 አካፍሉት። የመዳከም መጠኑ ያ ነው።

በሁለት ነጥብ ብቻ እንየው። ለምሳሌ በ200 ሜትር -75፣ በ800 ሜትር -96 ቢሆን ልዩነቱ 21 ዲቢ ነው። ርቀቱ በአራት እጥፍ አድጓል፤ የ4 ሎግ 0.602 ነው። 21 ለ6.02 ሲካፈል 3.5 ገደማ ይሆናል። ክፍት ቦታ ላይ መጠኑ 2 ነው። ከተማ ውስጥ የመማሪያ መጻሕፍት ከ2.7 እስከ 3.5 ይላሉ፤ በጣም በተጋረደ ሰፈር ከዚያም ይበልጣል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ኦፕሬተሩ ስንት ዋት እንደሚለቅ፣ አንቴናውም ምን ያህል እንደሚያጎላ ባታውቁም መሥራቱ ነው። የማይለዋወጥ ቁጥር መስመሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ቁልቁለቱን አይነካም። የስልካችሁ የራሱ ስህተትም እንዲሁ። ርካሽ ስልክ ለዚህ ጥናት የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ አስሉና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን አውጡ። ይህ የግንቡና የዛፉ ጥላ ነው። የከተማ ልኬቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዲቢ ይገኛል። መጋላ ላይ ከከዚራ የሚበልጥ ከሆነ ጎዳናው ሲታጠፍ ሲግናሉ እንደሚሰበር አሳያችሁ ማለት ነው። 2 ወይም 25 ካወጣችሁ ግን ወደ ፋይሉ ተመለሱ፤ ሴል ወይም ባንድ ሳይቀላቀል አልቀረም።

ውጤታችሁን ከሃታ ጋር ልታስተያዩ ካሰባችሁ ወሰኑን አትርሱ። የሃታ ቀመር ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ ከ1 እስከ 20 ኪሎሜትር ነው። ለ1800 የተስፋፋው ኮስት-231 ነው፤ እሱም ከ1 ኪሎሜትር ጀምሮ። የኛ ጎዳናዎች አብዛኞቹ ከዚያ ያጥራሉ። ስለዚህ «ሃታ ድሬዳዋ ላይ ተሳሳተ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ የተሠራበት ርቀት ላይ አልለካንም።

አርቲኤል-ኤስዲአር ላላችሁ

ትንሿ የዩኤስቢ ሬዲዮ ላብ ውስጥ ካለች ጥሩ ጓደኛ ናት። ግን አብዛኞቹ እስከ 1766 ሜጋኸርዝ አካባቢ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ የባንድ 3 ታወር የሚለቀው ከ1805 ጀምሮ ስለሆነ አይደርሱበትም። በሷ የምታዩት 900ን ነው። ከላፕቶፕና ጂኤንዩ ሬዲዮ ከሚባለው ሶፍትዌር ጋር ስታገናኟት የሚታየው የኃይል ቁጥር ዲቢኤም እንዳልሆነም እወቁ፤ በታወቀ ምንጭ ካልተስተካከለ ለማወዳደር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ስትሞቅ ፍሪኩዌንሲዋ ይንሸራተታል። ድሬ ላይ ደግሞ ቶሎ ትሞቃለች። ግማሽ ሰዓት ያህል አብርታችሁ ካቆያችሁ በኋላ መመዝገብ ጀምሩ።

ካርታውና ማስቀመጫው

ነጥቦቹን ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ጣሉ። ነፃ ነው፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። ቀለሙን በየ10 ዲቢ ከፋፍሉ፤ ከዚያ ቢበዛ ዓይን ይደክማል። የአንዱን ካርታ ቀለም ከሌላው ጋር አንድ አድርጉ፤ አለበለዚያ ከዚራና መጋላ ጎን ለጎን ሲታዩ ይዋሻሉ።

ፋይሎቹን ስትሰይሙ ቀን፣ ሰፈር፣ የሴል ቁጥርና የተጓዛችሁበት ዙር ይግባበት። ከዳታው ጋር አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ፦ የስልኩ ሞዴል፣ የአፕሊኬሽኑ ስሪት፣ የዘንጉ ቁመት፣ ባንዱ፣ የጣላችሁት መስመር ለምን እንደተጣለ፣ የሰዓት አቆጣጠሩ። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሱና አብራችሁ ክተቱ። ሴል አይዲና የታወር ቦታ አንድ ላይ የያዘውን ፋይል ለሕዝብ አትልቀቁ፤ ለአማካሪያችሁ አስረክቡት። ግልባጩ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ላቡ ውስጥ በሚቀር ዲስክ ላይ ይሁን። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንኑ ጎዳና፣ በዚያው ቁመት፣ በዚያው ባንድ መልሶ ሊራመድበት ይችላል።